ከዐውሎ ነፋስ በኋላ ስለሚታሰብ የውኃ ጉዞ

ሰው ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚመረምረው ስንቁን፣ ልብሱንና የመንገዱን ወጪ ነው። ውኃን የሚሻገር ሰው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነፋስን ይመረምራል። በየብስ የሚሄድ መንገደኛ ነፋስ ቢነሣበት ከዛፍ ሥር ወይም ከሰው ቤት ይጠጋል፤ በውኃ መካከል ያለ ሰው ግን ከያዘው እንጨት በቀር የሚጠጋበት የለውም። ስለዚህ ነገር፣ ይልቁንም ዐውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ቤተ ሰብን ይዞ በውኃ ላይ ስለ መጓዝ፣ ክቡራን አንባቢዎች ከልጆቻቸው ጋር ይነጋገሩበት ዘንድ በእኛ ቤት የተነሣውን ጉዳይ እንደሚከተለው ጽፌአለሁ።

እኔ በባሕር ዳር ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምሠራ ሰው ነኝ። በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደገምሁ፤ ከዚያም በኋላ ሚሲዮኖች በሚያስተምሩበት ቤት ገብቼ ሒሳብና ጂኦግራፊ የውጭ ቋንቋም ተማርሁ። ሥራዬ የባለጉዳዮችን ቃል መጻፍ ስለ ሆነ ነገርን ሁሉ በማስረጃና በምስክር የመመልከት ልማድ አለብኝ። በቤተ ሰቤ መካከል አንድ ክርክር በተነሣ ጊዜም ሁሉም ወደ እኔ የሚያመጣው ስለዚህ ይመስለኛል።

የታላቅ እኅቴ ልጅ በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ግዛት ይኖራል። ዕድሜው 36 ዓመት ነው፤ ሚስት አግብቶ አንዲት የ8 ዓመት ሴት ልጅና አንድ የ5 ዓመት ወንድ ልጅ ወልዷል። ይህ ልጅ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የታመቀ አየር የሞላበት ጋን በጀርባው ተሸክሞ ወደ ባሕር ውስጥ መጥለቅን ተምሯል። ይህን መሣሪያ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዮች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1943 ሠርተውት በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል። ጠላቂው ሲተነፍስ ብቻ አየሩ በሚያስፈልገው መጠን እየተለካ ወደ አፉ ይመጣል፤ ሳይተነፍስም አየሩ አይባክንም። በዚህ ዘዴ ሰው ከባሕር በታች ለብዙ ደቂቃ እየተዘዋወረ ዓሣውንና ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሰል ፍጥረት ያያል።

እርሱም ለፈረንጆች ገና ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ወደ ጃማይካ ደሴት ሄዶ ዕረፍቱን በዚህ ደስታ ለማሳለፍ ቆርጦ ከገንዘቡ እኩሌታውን አስቀድሞ ከፍሎ ነበር። ነገር ግን ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ያህል በሚነፍስ ኀይል በጃማይካ ምዕራባዊ ደቡብ ጠረፍ ላይ ወረደ። በዚያች ደሴት ከተመዘገቡት ዐውሎ ነፋሶች ሁሉ ይህን የሚያህል ብርቱ አልነበረም። ብላክ ሪቨር የምትባለው ከተማ እጅግ ተጎዳች፤ ቤቶች ጣራቸው ተገፈፈ፣ መብራት ጠፋ፣ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። ጃማይካ ለእኛ የማትታወቅ አገር አይደለችም፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ እንዴት አድርጎ እንደ ተቀበላቸው ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ስለዚህ ወሬው በተሰማ ጊዜ በእኛም ቤት ሐዘን ሆነ።

በኅዳር ወር የእኅቴ ልጅ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። «አጎቴ ሆይ፣ ምክርዎን እሻለሁ። ወደ ጃማይካ እንዳሰብሁት ልሂድን? ወይስ ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ ላዛውረው? ወይስ ሁሉን ትቼ ልጆቼን ይዤ ወደ አገሬ ልምጣ? ወደ ባሕር ዳር የመጣሁ እንደ ሆነ በጣና ውስጥ ለመጥለቅ ይቻል እንደ ሆነ ጠይቀው ይጻፉልኝ።»

ክርክሩ ሦስት ነገር ያለበት ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ በተራው መልስ መስጠት ተገባኝ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሜ የዐውሎ ነፋስን ጠባይ እንድመረምር ግድ ሆነብኝ።

በትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ክብ የሆነውን የምድር ምስል እያዞሩ ያስረዱን ነበር። ሐሪኬን የሚባለው ዐውሎ ነፋስ የሚወለደው በሞቃት ባሕር ላይ ነው። የባሕሩ ፊት ሙቀት 26 ዲግሪ ተኩል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ውኃው እየተነነ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በስፍራውም ሌላ አየር ከዙሪያው ይሮጣል፤ የምድርም መዞር ያን አየር ያጠማዝዘዋል። በሰሜኑ የምድር እኩሌታ የሚዞረው በሰዓት ቆጣሪ አንጻር ወደ ግራ ነው። ምግቡ የባሕር ሙቀት ስለ ሆነ ወደ የብስ በገባ ጊዜ ኀይሉ እየደከመ ይጠፋል። በአትላንቲክ ባሕር ዘመኑ ከፈረንጆች ሰኔ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። እንግዲህ በዚያ አገር የባሕር ዕረፍት የሚያስብ ሰው ከዚህ ዘመን ውጭ የሆነውን ወራት ቢመርጥ ከአደጋው ይድናል።

እኛ ከፍ ባለ ምድር ላይ ስለ ተቀመጥን ይህ ነገር አይመለከተንም የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በሶማሌ ጠረፍ ወደ የብስ ገባ፤ ጅቡቲን በጎርፍ መታ፣ ዝናሙም እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደርሶ ጉዳት አደረሰ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጋቲ የተባለው ተነሥቶ በሶማሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ወረደ። በዚህ ምክንያት የባሕር ነፋስ ወሬ ከደጃችን የራቀ ነው ማለት አይቻልም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ከዐውሎ ነፋስ በኋላ ወደ ተጎዳ አገር ለዕረፍት መሄድ ይገባልን? አንዳንዱ ሰው፦ ሕዝቡ በሐዘን ሳለ መዝናናት ነውር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ፦ እንግዳው ከቀረ ጀልባ የሚነዳው፣ አልጋ የሚያነጥፈውና ዓሣ የሚጠብሰው ሰው ሁለተኛ ይጎዳል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ይህን ለመፍረድ ሩቅ አልሄድሁም፤ የባሕር ዳርን ጀልባ ነጂዎች ተመለከትሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር እንግዳ እጅግ አነሰ። አንድ የማውቀው ጀልባ ነጂ ጀልባውን በየብስ ላይ ገልብጦ፣ ሞተሩን በሸራ ጠቅልሎ አስቀምጦ፣ በገበያ እህል እየተሸከመ ልጆቹን ሲያሳድግ አየሁት። «እንግዳ ከማዘን ይልቅ ቢመጣልን ይሻለን ነበር» ብሎኛል። ይህን ቃል በልቤ ያዝሁት።

ነገር ግን መምጣት ጊዜ አለው። ዐውሎ ነፋስ ባለፈ በማግስቱ የሚሄድ እንግዳ ተጎጂው የሚጠጣውን ውኃ ይጠጣበታል፣ የሚተኛበትንም አልጋ ይሻማበታል። ባሕሩም ቢሆን ለጠላቂ አይመችም። ወንዞች ጭቃ ያወርዱበታል፤ የተሰበረ እንጨት፣ ቆርቆሮና ሽቦ ይገባበታል፤ ማዕበሉም ብዙ ዘመን የፈጀውን ኮራል ይሰባብረዋል። ስለዚህ ለእኅቴ ልጅ እንዲህ ብዬ መከርሁት፦ ገንዘብህን መልሱልኝ አትበላቸው፤ ቀጠሮውን ወደ ሌላ ዓመት አዛውሩልኝ በላቸው። ከመሄድህም በፊት አራት ነገር ጠይቅ። መጀመሪያ፣ ውኃና መብራት ተመልሶ እንደ ሆነ። ሁለተኛ፣ ሐኪም ቤቱ ሥራ መጀመሩን። ሦስተኛ፣ ከውኃ ሲወጣ ደሙ የታወከበትን ጠላቂ የሚያክሙበት የግፊት ክፍል የትኛው ከተማ እንዳለና መሥራቱን። አራተኛ፣ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ኑ ማለታቸውን። ቀጠሮ ማዛወር በፍርድ ቤት ዘወትር የሚደረግ ነገር ነው፤ ጉዳዩን አይሽረውም፣ ባለጉዳዩንም ተስፋ አያስቆርጠውም።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በዚሁ ተፈጸመ። ሦስተኛው ግን ከባድ ነው።

ጣና ሰፊ ነው። ከምድር ባሕሮች ፊት ወደ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሁሉ ጠልቆ በሚገኘው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት ከእርሻው ላይ ጠርገው የሚያመጡት አፈር ውኃውን ያደፈርሰዋል። ወለሉም ደለል ነው። ስለዚህ የጠለቀ ሰው የራሱን እጅ አጥርቶ ለማየት ይቸግረዋል። እንደ ሌላው ባሕር ኮራል የለበትም። በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኝ ነጭ ዓሣ በዓይነት ከደርዘን በላይ ሆኖ ይኖርበታል፤ ቀረሶና አምባዛም አሉ፤ ነገር ግን እነዚህን ከውኃ በታች ሆኖ ከማየት ይልቅ በጧት ዓሣ አጥማጆቹ ሲያወርዱ በወደቡ ላይ ማየት ይቀላል።

ሌላም ነገር አለ። በጣና ዳር በሚገኙ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ወደ ሰው ቆዳ የሚገባ ቢልሃርዝያ የሚባል በሽታ አለ፤ ሕፃናትን ይልቁንም ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ እንዳይዋኙ መከልከል ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አቅራቢያ ጉማሬ አለ። ደግሞም ከፍ ባለ አገር የሚጠልቅ ሰው ከባሕር ዳርቻ ካለው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሰው በጠለቀ መጠን የውኃው ክብደት ይጫነዋል፤ በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ክብደት ያህል ይጨመርበታል። በዚያን ጊዜ ናይትሮጅን የሚባለው የአየር ክፍል በደሙ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ የወጣ እንደ ሆነ በትንፋሹ ይወጣለታል፤ ቸኩሎ የወጣ እንደ ሆነ ግን በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ሆኖ ያሠቃየዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። በባሕር ዳር ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አምስት እጅ ቢከፈል አራቱን እጅ ያህል ብቻ ስለሚከብድ፣ ለባሕር ጠረፍ የተሠራው የጠላቂዎች ሰንጠረዥ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ጠልቆ ሳያርፍ ወደ ደብረ ታቦር ተራራ መውጣት ወይም በአውሮፕላን መሄድም አደገኛ ነው፤ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት፣ ይልቁንም ሙሉ ቀን፣ ሳይበር እንዲቆይ ሐኪሞች ይመክራሉ።

ይህን ሁሉ ጽፌ በጨረስሁ ጊዜ መልሱ ሙሉ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ልጁ ስለ ጣና የጠየቀው ስለ ዓሣው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አባቱ የዘጌ ሰው ነበር፤ ቡና ይነግድ ነበር። በሐምሌ 1991 ዓ.ም. አንድ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ቡናውን በደንገል ታንኳ ጭኖ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሲሻገር ነፋስ ተነሣበት። የጣና ነፋስ የሐሪኬንን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ነገር ግን የሚያውቁት ይፈሩታል። ጧት ሐይቁ እንደ ዘይት ለጥ ብሎ ይተኛል። ቀኑ ሲገፋ የብሱ ይሞቃል፣ በተራሮቹ ላይ ደመና ይከመራል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በድንገት ይወርዳል። ውኃው ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። የደንገል ታንኳ ቀላልና ተንሳፋፊ ነው፤ የሚሠሩት ወይጦዎች ጥበባቸው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ጭነትም ሲበዛበት ይገለበጣል። ታንኳው ተገለበጠ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በጧት እየዘፈነ የተሻገረበት ውኃ በማታ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ተገኝቶ በዘጌ ተቀበረ። ልጁ በዚያን ጊዜ 9 ዓመቱ ነበር፤ ሕፃን ነው ተብሎ ወደ ዳር እንዲመጣ አልተፈቀደለትም። እናቱም እኅቴ ከዚያ ወዲህ በጀልባ ላይ አልወጣችም። በየዓመቱ ለመታሰቢያው ወደ ዘጌ ስትሄድ በየብስ ዞራ ትሄዳለች።

ልጁ መጥለቅን ለምን እንደ ተማረ ለማንም አልተናገረም። እኔ ግን ጥያቄውን ሳነብ ገባኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በሩቅ ሆኖ መልስ መስጠት አይገባም፤ ምስክሩ እናቱ ናትና። ደብዳቤውን ይዤ ወደ ቤቷ ሄድሁ።

ቡና እያፈላች አገኘኋት። ደብዳቤውን ሁሉ አነበብሁላት፤ የጃማይካውን ወሬ ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች፤ ስለ ጣና ወደሚለው ቃል ስደርስ ግን ረከቦቱን ትኵር ብላ እያየች ዝም አለች።

«እትዬ፣ ምን ብዬ ልጻፍለት?» አልኋት።

«አባቱ ከውኃ በታች የለም» አለችኝ። «ተገኝቷል፤ አልቅሰን ቀብረነዋል። አፈር ለብሷል። ልጄ የሚፈልገው አባቱን ከሆነ በዘጌ በየብስ ላይ ነው። ይህን ጻፍለት።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላም፦ «እኔ ክፉ አድርጌአለሁ አልልም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው እጁን ይዞ መቃብሩን ቢያሳየው ኖሮ ይህን ያህል ዘመን በሐሳቡ ውኃ ውስጥ ባልኖረ ነበር» አለች።

እኔም፦ «ልጆቹን በጀልባ ወደ ዘጌ ብንወስዳቸውሳ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ልጆቹ የአያታቸውን አገር በውኃው በኩል ይዩት፤ እኔ አልከለክልም። እኔ ግን በየብስ መጥቼ በወደቡ ላይ እቀበላቸዋለሁ። በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ ብቻ አስቀድመህ ንገረኝ» አለችኝ።

ክቡራን አንባቢዎች፣ እኔ በፍርድ ቤት ብዙ ቃል ጽፌአለሁ፤ እንደዚህ ያለ አጭር ቃል ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ሰምቻለሁ። በዚያው ማታ መልሱን ጻፍሁ፤ የእናቱን ቃል አንድ ሳልጨምር አንድ ሳልቀንስ አኖርሁለት። ከዚያ በታች የጉዞውን ዕቅድ አስከተልሁ። ይህን ዕቅድ ለሌላም ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ከዚህ አኖረዋለሁ።

ወራቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን መልካም ነው። በዚያን ጊዜ ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ሞልቷል፣ ዳሩም ለምለም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን መምጣት ይሻላል፤ በመኪና የሚመጣ ግን የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ከዚያው አገር ሰው ይጠይቅ፤ የአንድ ወር ወሬ ለዛሬ መንገድ ምስክር አይሆንምና።

ጀልባ የሚከራይ ሰው ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት ጀልባውን ይመርምር። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናቱም በልካቸው፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን በዐይኑ ይይ፤ አለ የሚለውን ቃል ብቻ አይቀበል። ሞተሩ ቢቆም የሚቀዝፉበት መቅዘፊያ፣ ትርፍ ነዳጅና ስልክ መኖሩን ይጠይቅ። ከተወሰነው ቁጥር በላይ ሰው የሚጭን ጀልባ ቢረክስም አይሳፈርበት። ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 6 ሰዓት ሳያልፍ ለመመለስ ያስብ። ጀልባ ነጂው ሰማዩን አይቶ ዛሬ አንሄድም ያለ እንደ ሆነ አይከራከረው፤ ዋጋውንም አይቀንስበት። እንዲህ ያለውን ሰው በሚቀጥለው ቀን ፈልጎ እርሱኑ ይከራይ።

ሴቶችን ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ የገዳማቱን ሥርዓት አስቀድሞ ይወቅ። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም። የአጤ ይኩኖ አምላክ፣ የአጤ ዘርዐ ያዕቆብና የአጤ ፋሲል ዐፅም በዳጋ ይገኛል ስለሚባል ብዙ ሰው ወደዚያ ለመሄድ ይመኛል፤ ነገር ግን ሚስትና ሴት ልጅን በጀልባ ላይ ትቶ መውጣት ከቤተ ሰብ ጉዞ አይቆጠርም። በዘጌ የምትገኘው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁሉም ይገባባታል፤ በግድግዳዋ ያለው ሥዕል ሕፃናትንም አዋቂዎችንም ያስተምራል። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጊዜ ላለው ሰው በደቅ ደሴት አጠገብ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እርሱ ግን ሩቅ ስለ ሆነ ነፋስ በሌለበት ወራት፣ በማለዳ፣ ብርቱ ጀልባ ይዞ ነው።

ሐይቁን ራሱን ለልጆች ማስተማርም ይገባል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ታየ፤ ይልቁንም በሰሜን ምሥራቅ በፎገራና በደንቢያ በኩል ዳሩን ሸፈነ። ገበሬዎችና ወጣቶች እስከ ደረታቸው በውኃ ገብተው በእጃቸው ነቀሉት፤ የነቀሉትም ተመልሶ በቀለ። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ ዘንድ በዓለም የተጠበቁ የሕይወት ስፍራዎች መዝገብ ገባ። ይህ ክብር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሐይቁን የሚጠብቀው መዝገቡ ብቻውን አይደለም፤ በዳገቱ ላይ አፈሩን በእርከን የሚያስቀር ገበሬም ነው። ልጅ ይህን ያየ እንደ ሆነ ውኃ የሚደፈርሰው ከየት እንደ ሆነ ያስተውላል።

መጥለቅን ፈጽሞ መተው ለማይፈልግ ሰው ደግሞ ቅርብ ስፍራ አለ። በጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ከዓሦች ሁሉ የሚበልጠው፣ ሰውንም የማይነካው ታላቅ ሻርክ ወደ ዳር ይቀርባል፤ ሰዎችም ከእርሱ ጋር ለመዋኘት ከሩቅ ይመጣሉ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ዘመዶቹን በደጋ ጎብኝቶ ባሕሩን በመጨረሻ ያድርገው፤ ከመጨረሻው ጥልቀት በኋላም አንድ ሙሉ ቀን ዐርፎ ወደ አውሮፕላን ይግባ። ይህንም ለእኅቴ ልጅ ጻፍሁለት።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። የጃማይካውን ቀጠሮ በፈቃዳቸው ወደ ሚቀጥለው ዓመት እንዳዛወረ፣ ወደ ጅቡቲ ግን በዚህ ጊዜ እንደማይሄድ፣ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ቀናት ወደ ባሕር ዳር እንደሚመጣ ገለጸ። በመጨረሻው እንዲህ የሚል ጨምሮ ነበር። «መሣሪያዬን ቤት ትቼ እመጣለሁ። ባለቤቴና ልጆቼ ከእርስዎ ጋር በጧቱ ጀልባ ይሻገሩ። እኔ ግን ከእናቴ ጋር በየብስ ዞሬ እመጣለሁ።»

ደብዳቤውን ለእኅቴ ባነበብሁላት ጊዜ ምንም አላለችም፤ ተነሥታ በሣጥኗ ውስጥ ያኖረችውን ነጭ ነጠላ አውጥታ ለማጠብ ወደ ደጅ ወጣች።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ የቤተ ሰብ አለቆች ሁሉ፣ ልጆቻችሁ ወደ ውኃ ለመሄድ በጠየቋችሁ ጊዜ ነፋሱንና ጀልባውን መርምሩላቸው፤ የሚሄዱበትም አገር በመከራ ያለፈ እንደ ሆነ ለሕዝቡ ጊዜ ሰጥታችሁ ከዚያ በኋላ ሳትቀሩ ሂዱለት። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጋር ልጁ በዚያ ውኃ የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ በቀስታ ጠይቁት። ምናልባት የሚፈልገው ነገር በየብስ ላይ፣ በቅርብ፣ አንድ ሰው እጁን ይዞ ሊያሳየው በሚችልበት ስፍራ ይሆናል።